ክሉ፣ ልቃቂት እና የጠፋው ውል

ወገኖች፣ አንድ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ክሉ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በየገጹ አለ። «ፍንጭ» እያልኩ ሄድኩ። ትናንት አንዷ ጓደኛዬ ሹራብ እየሠራች «ቃሉ እኮ ድሮ የክር ጥቅል ማለት ነበር» አለችኝ። እየቀለደችብኝ ነው?

— አልቀለደችም ወንድሜ። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ክሊወን» የተጠቀለለ ክር ነው። ሆላንዶች ዛሬም የክር ጥቅልን «ክሉወን» ይላሉ። ትርጉሙን ያዞረው የግሪኮች ተረት ነው። የቀርጤሱ ንጉሥ ሚኖስ ግማሹ ሰው ግማሹ በሬ የሆነ አውሬ ነበረው። የሚያኖረው የገባ በማይወጣበት ሕንፃ ውስጥ ነው። ጀግናው ቴሴዎስ አውሬውን ሊገድል ሲሄድ የንጉሡ ልጅ አርያድኔ ጥቅል ክር ሰጠችው። ክሩን እየተረተረ ገባ፣ ገደለ፣ ያንኑ ክር ተከትሎ ወጣ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ቾሰር በ14ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ሲተርክ ቃሉ ገና ክር ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን መንገድ የሚያሳይ ነገር ሁሉ ክሉ ተባለ። ክሩ ተረሳ።

— እኛ ዘንድ መቼ ተረሳ ልጄ? እናቴ ጥጥ ፈትላ ልቃቂቱን ስታስቀምጥ፣ እኛ ልጆቹ ተጫውተንበት ውሉን እናጠፋባት ነበር። ውል ማለት የክሩ ጫፍ ነው። እሱ ከጠፋ ቀኑን ሙሉ ብትፈልግ አታገኘውም፤ ቁጣው ለብቻው ነው። «ውሉ የጠፋበት ልቃቂት» የሚባለው ይኸው ነው። እና ፍንጭን ምን አመጣው? እኔ ፍንጭ ሲሉኝ ፍንጭት ጥርስ ነው የሚታየኝ።

— እትዬ፣ አባባሉ ደስ ይላል፤ ግን ልክ አንድ አይደሉም። ክሉ ሙሉ ጥቅሉ ነው፣ ውል ጫፉ ብቻ። ቴሴዎስ ክሩን ሆን ብሎ ነው የተረተረው፤ የእኛው ሰው ግን ጫፉ ጠፍቶበት ነው የሚሰቃየው። ደግሞ መርማሪው «ሦስት ውሎች አገኘሁ» ቢል፣ አንባቢ ሦስት የቤት ኪራይ ውል ነው የሚመስለው!

— ገደላችሁኝ በሳቅ። እሺ፣ መርማሪዬ ፍንጭ ይልቀም፤ ነገሩ ሲወሳሰብበት «ውሉ ጠፋብኝ» ይበል። ችግሩ፣ እትዬ፣ ተጠርጣሪዋ ራሷ ፍንጭት ናት።