«ሄስን» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ «ማስቸኮል» ነው ወይስ «ማፋጠን»?

አስተርጓሚዋ፦ በአሜሪካ ለአማርኛ ተናጋሪ ሕሙማን ሳስተረጉም ደጋግሞ የሚገጥመኝ ግሥ «ሄስን» ነው (ሲጻፍ በመካከሉ «ቲ» አለበት፣ ሲነገር ግን አይሰማም)። በቅርቡ አንድ ሐኪም ሞርፊን የሚሰጠው ሕመሙን ለማስታገስ እንጂ ሞትን «ሄስን» ለማድረግ እንዳልሆነ ለታማሚው ልጆች ሲያስረዳ፣ ባልደረባዬ «ሞቱን ለማስቸኮል አይደለም» ብሎ ተረጎመው። የበኩር ልጁ ፊቱ ተለዋወጠና «ለመሆኑ ማን ቸኮለ?» ሲል ጠየቀ። በእኔ እምነት «ለማፋጠን» መባል ነበረበት። ችኮላ በእኛ ዘንድ ወቀሳ ነው፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንላለንና።

መምህሩ፦ እህቴ፣ የልጁ ድንጋጤ ይገባኛል፤ ከእሱ ተነሥተው ያወጡትን ደንብ ግን አልቀበልም። ቃሉ ሁልጊዜ ወቀሳ ቢሆን ኖሮ «አስቸኳይ ስብሰባ» ብሎ የሚጠራ መሥሪያ ቤት ባልኖረ። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም፣ በሁለተኛው የጴጥሮስ መልእክት ምዕራፍ 3 ቁጥር 12፣ ምእመናን የእግዚአብሔርን ቀን መምጣት «እየጠበቃችሁና እያስቸኰላችሁ» ተብለዋል። እዚያ ችኮላው ምስጋና ነው። የሚገርመው እ.ኤ.አ. በ1611 የወጣው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ (የኪንግ ጄምስ ትርጉም) በዚሁ ቦታ ሰዎቹ ራሳቸው ወደ ቀኑ እንደሚጣደፉ አድርጎ ሲያስቀምጠው፣ ከዘመናዊዎቹ ትርጉሞች ብዙዎቹ ቀኑን የሚያፋጥኑት እነሱ እንደሆኑ አድርገው መጻፋቸው ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠየቀው፣ የሚፈጥነው ሰውየው ነው ወይስ ነገሩ የሚለው ይመስለኛል።

አስተርጓሚዋ፦ «አስቸኳይ» ከግሡ ተለይቶ የራሱን ኑሮ የጀመረ ቃል ነው፤ ሰው ሲሰማው ችኩል ሰው አይታየውም። እንግሊዝኛውም ቢሆን ተመሳሳይ መለያየት አለው፦ «ሄስቲ» የተባለ ሰው ሳያመዛዝን የወሰነ ነው፣ «ሄስን» ያደረገ ግን ብዙውን ጊዜ አይነቀፍም። ሞት ላይ ሲሆን ደግሞ «ማስቸኮል» ከጀርባው ጉጉ ሰው እንዳለ ያስመስላል። ልጁ የሰማው ይህንኑ ነው።

ጋዜጣ ተርጓሚው፦ ሁለታችሁም ፍጥነት ላይ ተተከላችሁ እንጂ ግሡ ፍጥነት የሌለበት ቦታም አለው። እንግሊዝኛ ጸሐፊ አንድን ሰው ከነቀፈ በኋላ «አይ ሄስን ቱ አድ» ሲል፣ የፈራው አንባቢው በተሳሳተ መንገድ እንዳይረዳው ነው። ይህን «ለመጨመር እቸኩላለሁ» ተብሎ ተተርጉሞ አንብቤ ሣቄ መጥቷል። «ለመጨመር እፈጥናለሁ» ቢባልም ያው ነው። ለእኔ «ይህን ስል ግን ... ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ» ይበቃል። ለታማሚው ልጅም ቢሆን «ዕድሜውን ለማሳጠር አይደለም» ቢባል ኖሮ ማንም ባልተከፋ፤ እናቶቻችንም የሚሉት ይህንኑ ነው።

መምህሩ፦ ይህኛውን ተሸንፌ ሳይሆን ወድጄው እቀበላለሁ።

አስተርጓሚዋ፦ አልጋው አጠገብ ቆሜ ስናገር እኔም ከእንግዲህ እንደዚያ እላለሁ። ፊርማ በሚያርፍበት የስምምነት ቅጽ ላይ ግን «ሞትን ማፋጠን» የሚለውን አልለቅም። ቅጹ የሚያወራው ስለ ሞት ነው፤ «ዕድሜ ማሳጠር» ደግሞ በአማርኛ ለሲጋራም፣ ለብስጭትም፣ ለክፉ ጎረቤትም ይነገራል።