«ምንትዋብ»፦ የአንድ ብርቅ ስም አመጣጥና ትርጉም

ጥያቄ (ከአዘዞ)

ለወንድሜ ሴት ልጅ ተወልዳለታለች። ክርስትና እስክትነሣ ቀናት ቢቀሩም የዓለም ስሟን በተመለከተ በቤታችን ክርክር ተነሥቷል። አያቷ «ምንትዋብ» ትባል ሲሉ፣ እናቷ ስሙ የጥንቷ የጎንደር እቴጌ ስለሆነ ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ጋር እንጂ ከሕፃን ልጅ ጋር አይሄድም ትላለች። እኔም ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ብሆንም በዚህ ስም የምትጠራ እኩያ የለኝም። የምታውቁ እንድታብራሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ስሙ ግዕዝ ነው ወይስ አማርኛ? «ትዋብ» የሚለውስ ትእዛዝ ነው፣ ምኞት ነው ወይስ ሌላ? ለምንስ ይህን ያህል ብርቅ ሆነ?

መልስ (ከቁስቋም ሰፈር)

እኅቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችላችሁ። ስሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አማርኛ ነው። «ምን» የምናውቀው ቃል ሲሆን «ትዋብ» ደግሞ «ተዋበ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ውብ፣ ውበት፣ ውቢት፣ አስዋበ የሚሉት ሁሉ የዚህ ግሥ ቤተሰቦች ናቸው። ግዕዝ ስለ ውበት ሲናገር «ሥን»፣ «ላሕይ»፣ «ሠናይ» የሚሉትን ይጠቀማል። ስለዚህ ከግዕዝ የመጣ የውበት ስም የሚፈልግ ሰው «ሠናይት» የሚለውን ያገኛል፤ ከአማርኛ የሚፈልግ ግን «ውቢት»ን ወይም «ምንትዋብ»ን።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ዛሬ ስንናገር «ትዋባለች» እንላለን እንጂ «ትዋብ» ብለን ዓረፍተ ነገር አንዘጋም፤ ስሙን የሚሰማ የዘመኑ ሰው ትእዛዝ ወይም ምኞት የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ በቀደመው አማርኛ የትንቢቱ አንቀጽ (የአሁኑንና የወደፊቱን ጊዜ የሚናገረው የግሥ መልክ) ያለ «አለ» ቅጥያ ብቻውን ዓረፍተ ነገር ይዘጋ ነበር፤ ይህ አነጋገር በተረትና ምሳሌ ውስጥ እስከ ዛሬ ሳይለወጥ ተቀምጧል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል «ያስራል» ማለታችን እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም። «ምን ትዋብ»ም በዚሁ መንገድ «ምን ትዋባለች!» ማለት ነው። በዚህ ቦታ «ምን» ጥያቄ ሳይሆን አድናቆት ነው፤ ዛሬ ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ «ምንኛ» ወይም «እንዴት» ስለወሰደው ቀድሞ «ምን» ብቻውን ያደንቅበት የነበረው ወግ ከጆሯችን ርቋል። እንግዲህ በዛሬ አነጋገር ስሙ «ምንኛ ውብ ናት!»፣ «እንዴት ታምራለች!» የሚል ይሆናል።

ተመሳሳይ አሠራር ያላቸው ሌሎች ስሞችም ይህን ያጸናሉ። «ምንያምር» የሚባል ወንድ አለ፣ «ምንታምር» የምትባል ሴት አለች፣ በእኛ አገር «ምንይችል» ደግሞ በሰፊው የሚሰማ ስም ነው። በሦስቱም ውስጥ ግሡ ያለ ቅጥያ ቆሟል፤ በሦስቱም «ምን» የመደነቅ ነው። «ምንያምር»ን «ምን ያምራል!» ብሎ የሚፈታ ሰው «ምንትዋብ»ን በሌላ መንገድ ለመፍታት በቂ ምክንያት ያለው አይመስለኝም።

ይህን ካልሁ በኋላ፣ ሌላውን ንባብ ፈጽሜ መጣል አልፈልግም። የ«ተዋበ» የትንቢት አንቀጽና የትእዛዝ አንቀጽ በሦስተኛ መደብ በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ትዋብ» ተብለው ይጻፋሉ። ስለዚህ «ምን ልበል?»፣ «ምን ይጨመር?» እንደምንለው «ከዚህ ወዲያ ምን ትዋብ?» ብሎ ማንበብ የቋንቋውን ሕግ አያፈርስም። በዚህ ንባብ ስሙ ለውበቷ የሚጨመር ነገር እንደሌለ የሚናገር ይሆናል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ሆኖም የሕፃኒቱ አያት ሁለተኛውን አስበው ከሆነ ተሳስተዋል የሚል ሰው ራሱ ይሳሳታል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። «ውብነሽ» የሚለው ስም ልጂቱን ራሷን ያናግራል፤ «ተዋበች» የሆነ የተፈጸመውን ይናገራል፤ «ምንትዋብ» ግን ልጂቱን እያዩ በዙሪያዋ ላሉት የሚነገር ነው። ለእርሷ ቢነገር ኖሮ «ምንትዋቢ» ይሆን ነበር። ወላጅ ወይም ዘመድ ሕፃኒቱን አቅፎ ለጎረቤት የሚናገረው የአድናቆት ቃል እንደተነገረ ስም ሆኖ ጸንቷል፤ እኔ ይህን ስም ከሌሎቹ የውበት ስሞች ሁሉ አስበልጬ የምወድበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ወደ እቴጌይቱ ልሻገር። በቋራ የተወለዱት እቴጌ ምንትዋብ የዐፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ። ዐፄ በካፋ በ1730 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበሩ እቴጌይቱ በዚያው ዓመት ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር መንግሥቱን ያዙ፤ ከእርሳቸውም በኋላ በልጅ ልጃቸው በዐፄ ኢዮአስ ዘመን ሥልጣናቸው ቀጥሏል። በ1773 እ.ኤ.አ. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ሦስት ስሞች ነበሯቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው፤ የጊዮርጊስ ልጅ ማለት ነው። የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ሲሆን በግዕዝ «ሞገሳ» ማለት «ሞገስዋ» ስለሆነ «ብርሃን ሞገሷ የሆነላት» ተብሎ ይፈታል። ሦስተኛው የዓለም ስማቸው ምንትዋብ ነው። በቤተ ክህነትና በዜና መዋዕል ወግ የከበሩት ሁለቱ የግዕዝ ስሞች ናቸው፤ ሕዝቡ በአፉ ይዞ ሁለት መቶ አምሳ ዓመት ያሻገረው ግን አማርኛውን ነው። ዛሬ በጎንደር «የብርሃን ሞገሳ ግንብ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ መላሽ አያገኝም፤ «የምንትዋብ ግንብ» ቢል ግን ሕፃናት ሳይቀሩ በፋሲል ግቢ ውስጥ ያለውን ያሳዩታል።

ስሙን ያወጣላቸው ንጉሡ ነው የሚል ወሬ አልፎ አልፎ ይሰማል። መነሻው ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው ሲዘዋወሩ ቋራ ላይ ታመው በአንድ ሰው ቤት እንዳረፉ፣ የቤቱም ልጅ እንዳስታመመቻቸውና በውበቷ ተማርከው እንዳገቧት የሚነገረው ታሪክ ነው። ታሪኩ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባውና በቁስቋም በእቴጌይቱ ግቢ የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ተቀብሎታል። ስሙን ለመረዳት ግን ይህ ታሪክ አያስፈልገንም። የዓለም ስም የሚወጣው በቤተሰብ ነው፤ «ምንያምር»ና «ምንታምር» የሚባሉትንም ያለ ንጉሥ ወላጆቻቸው ሰይመዋቸዋል። የስሙ አሠራር የሚመሰክረው የወላጅን ደስታ ነው፤ የሙሽራን አድናቆት ለማየት ታሪኩን ከውጭ ማምጣት ያስፈልጋል።

በነገራችን ላይ ይህ የውበት ግሥ በአካባቢያችን መኳንንት ቤት ብዙ ስም አፍርቷል። የዳግማዊ ቴዎድሮስ የመጀመሪያ ባለቤት፣ የራስ ዓሊ ልጅ፣ ተዋበች ነበሩ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ንጉሡ ያገቧቸው ጥሩወርቅ ደግሞ የስሜኑ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው፤ «ውቤ» ደግሞ «ውብ» ላይ የባለቤትነት ቅጥያ ገብቶ «የኔ ውብ» የሚል የቁልምጫ ስም ነው። ቴዎድሮስ ራሳቸው እንደ እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው መሆናቸው አጋጣሚ ነው፤ የሦስቱ ስሞች አንድነት ግን አጋጣሚ አይመስለኝም፤ ቃሉ በዚህ አገር የተወደደ እንደነበር ያሳያል።

ስለ ብርቅነቱ እንደማየው ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሆኑ ስሞች ለሴት ልጅ መውጣታቸው በጠቅላላው ቀንሷል፤ አስናቀች፣ በላይነሽ የሚሉት ከእናቶቻችን ጋር ሲቀሩ የዛሬ ወላጆች ቤተልሔምን፣ ሜሮንን፣ ሶሊያናን ይመርጣሉ። ሁለተኛው ለዚህ ስም ብቻ የሚነገር ነው፤ ስሙ በአንዲት ሴት በጣም ስለተያዘ ሌላዋ የምትለብሰው አይመስልም። የልጂቱ እናት የተናገሩት ስሜት ይህ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን ስሙ የከበረው ሴትዮዋ በሠሩት ሥራ ነው። ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አነፁ፤ በጣና ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን አሠሩ፤ በናርጋ ግድግዳ ላይም ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ልጅን በሠሪ ሰው ስም መጥራት በእኛ ዘንድ ነውር ሆኖ አያውቅም።

ተቃውሞ (ከበአታ አጠገብ፣ የቅኔ ተማሪ)

መምህር፣ ማብራሪያዎን አክብሬ አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር አልፈውታል። በግዕዝ «ምን» ለሚለው ጥያቄ ዋናው ቃል «ምንት» ነው። ስሙ «ምንት» ተብሎ በሚነበብ ሦስት ፊደል ሲጀምር፣ በዚያ ዘመን የነበረ የተማረ ሰው ይህን ሳያስተውል ይቀራል ብዬ አላምንም። ስለዚህ «ምንት ዋብ» ብሎ መክፈል፣ ቢያንስ እንደ ውስጠ ወይራ (በቃሉ ውስጥ እንደ ተሰወረ ሁለተኛ ትርጉም)፣ የሚቻል ነው እላለሁ።

መልስ (ከቁስቋም ሰፈር)

ወንድሜ፣ ያነሡት ነገር ጥሩ ነው፤ ቅኔ ለሚቆጥር ሰው «ምንት» የሚለው ድምፅ መንገድ ይከፍትለታል፤ በቅኔ ቢጠቀሙበትም የሚያስወቅስ አይደለም። የስሙ መነሻ ነው ለማለት ግን «ዋብ» ብቻውን ቆሞ ትርጉም መስጠት ነበረበት። «ዋብ» በግዕዝ የውበት ስም አይደለም፤ በአማርኛም ስሙ «ውብ» ወይም «ውበት» እንጂ «ዋብ» አይደለም። «ት»ን ከግሡ ላይ ብንወስድበት ግሡ ራሱ ይፈርሳል። ከዚህም በላይ በ«ምንያምር» ውስጥ «ት» የለም፤ በእርሷ ቦታ የወንዱ «ይ» ከ«አ» ጋር ተዋሕዶ ገብቷል። «ት»ዋ የሴት መደብ ምልክት መሆኗን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ተጨማሪ ጥያቄ (ከአዘዞ)

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሱን ለቤተሰቡ ሁሉ አንብቤላቸው እናትየዋም ስሙን ተቀብላለች። አሁን የቀረን የልደት ምስክር ወረቀቱ ነው። «ምንትዋብ»፣ «ምንተዋብ»፣ «መንተዋብ» የሚሉትን ሦስቱንም ተጽፈው አይቻለሁ። ትክክሉ የትኛው ነው?

መልስ (ከቁስቋም ሰፈር)

ደስ ብሎኛል፤ ያሳድግላችሁ። ትክክሉ «ምንትዋብ» ነው፤ «ም»፣ «ን»ና «ት» ሦስቱም ሳድስ ሆነው፣ ሳይነጣጠል እንደ አንድ ቃል ይጻፍ። «ምንተዋብ» ስሕተት የሚሆነው «ተዋብ» ለወንድ በቀጥታ የሚሰጥ ትእዛዝ ስለሆነ ነው። «መንተዋብ» የሚለው ደግሞ፣ እንደምገምተው፣ ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ለሳድሱ የገባውን አናባቢ እንደ ግዕዝ (አንደኛ) ፊደል ድምፅ አንብበው ወደ አማርኛ ከመለሱ ሰዎች የመጣ ነው፤ በአስጎብኚ ጽሑፎች ላይ ሲያዩት አይከተሉት። ሲያነቡት «ዋ»ን ጠበቅ ያድርጉት፤ የግሡ ሕግ ይህን ይጠይቃል። ምስክር ወረቀቱ በላቲን ፊደልም የሚሞላ ከሆነ ዛሬ የመረጣችሁትን አጻጻፍ በትምህርት ቤትም በፓስፖርትም ሳትለውጡ ያዙት፤ ስሟ ረጅም ስለሆነ በየቢሮው በተለያየ መንገድ ቢጻፍ ስታድግ ለማስተካከል ብዙ ትደክማለችና።