የቫን ጎግ ሱፍ አበባ ደስታ ነው ሐዘን? እርዱኝ

ሚሚ_አርት፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ስዕል መርጣችሁ ተንትኑ የሚል አሳይመንት ተሰጥቶን እኔ የቫን ጎግን ሱፍ አበባ መረጥኩ፣ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለውን፣ ጀርባው ራሱ ቢጫ የሆነውን ማለቴ ነው። ጓደኛዬ ሰውዬው ጆሮውን የቆረጠ ነው፣ ሐዘን ነው ብለሽ ጻፊና ተገላገይ ትለኛለች። እኔ ግን መጀመሪያ ሳየው ደስ ነው የሚለኝ፣ ቆየት ስል ደሞ አንዳንዱ አበባ ፔታሉ ረግፎ አንገቱን ደፍቷል፣ እና ግራ ገባኝ። እንዴት ነው የሚነበበው?

የአርል_ልጅ፦
ጆሮውን ተይው እህቴ። ስዕሉ የተሳለው ኦገስት 1888 ደቡብ ፈረንሳይ አርል ከተማ ነው፣ የጆሮው ጉድ የመጣው ዲሴምበር ላይ ነው። ያኔ ጓደኛው ሰዓሊው ጎጋን መጥቶ አብሮት ሊኖር ስለሆነ የእንግዳውን ክፍል ላሳምርለት ብሎ ነው አበባ በአበባ ያደረገው። ሽር ጉድ የሚል ሰው ነው በቃ። ኋላ በጻፈው ደብዳቤም ሱፍ አበባዎቹን ከምስጋና ጋር አያይዟቸዋል።

ብሩሽ_እና_ቡና፦
ታሪኩ ጥሩ ነው ግን አስተማሪሽ ስዕሉን ተንትኚ ነው ያለሽ አይደል? ፎቶውን ዙም አድርጊና ብሩሹ የሄደበትን ተከተይ። ፍሬ የያዘው መሀሉ ላይ ቀለሙ ተከምሮ ጎርበጥ ይላል፣ ጀርባው ደሞ እንደ ሰፌድ ስፌት አግድምና ቁልቁል የተጠላለፈ ነው። ጠረጴዛውን ከግድግዳው የምትለየው ቀጭን ሰማያዊ መስመር ብቻ ነች፣ እሷን ብታጠፊያት ሁሉም ነገር ቢጫ ውስጥ ይሰጥማል። የአበባ ማስቀመጫው ላይ ቪንሰንት ብሎ በራሱ ስም ፈርሟል፣ እኔ ቤቱ በር ላይ ስሙን እንደጻፈ ሰው ነው የማየው (ይሄ የኔ ግምት ነው፣ አሳይመንት ላይ አትክተቺው)።

ዝምተኛው፦
በደስታ ብቻ አልስማማም። ሰውዬው ሆላንዳዊ ነው፣ የሆላንድ ሰዓሊዎች ደግሞ ከ1600ዎቹ ጀምሮ አበባ ሲስሉ የጠወለገ የሚጨምሩት ሁሉም ያልፋል ለማለት ነው። ፈክቶ ያለውም ደርቆ ፍሬ የያዘውም አንድ ማስቀመጫ ውስጥ ነው ያሉት፣ ለምን አንዱን ትመርጫለሽ? ብቻ ከቡናማው ቀለም ተነስተሽ ሐዘን እንዳትዪ፣ የተጠቀመበት ክሮም ቢጫ የሚባለው ቀለም ብርሃን ሲበዛበት ይጠቁራል፣ እሱ ሲስለው አሁን ካለው የበለጠ ደማቅ ነበር።

ሚሚ_አርት፦
ኧረ ተባረኩ! በሰማያዊዋ መስመር ነው የምጀምረው፣ ጭራሽ አላየኋትም ነበር። የስዕሉን መጠን ግን መጻፍ ግድ ነው እንዴ?

ብሩሽ_እና_ቡና፦
ጻፊው፣ 92 በ73 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አበቦቹ በቁም መጠናቸው አካባቢ መሆናቸውን ለማሳየት ይጠቅምሻል።