ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ነርሲንግ፦ ደብረ ሲና እየሠራሁ ደብረ ብርሃን መማር ያዋጣኛል?

ጥያቄ (የጣርማበሯ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ሲና አካባቢ ጤና ጣቢያ የምሠራ ክሊኒካል ነርስ ነኝ። ደረጃ 4 ዲፕሎማ አለኝ፣ ሲኦሲም (የሙያ ብቃት ምዘናውን) አልፌያለሁ። ሥራ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም።

ዲግሪዬን መማር ፈልጌ ሁለት መንገድ ታየኝ። አንደኛው ደብረ ብርሃን ያለ የግል ኮሌጅ ነው። ትምህርቱ ቅዳሜና እሁድ ነው ብለውኛል። «ምዝገባው ሊዘጋ ነው፣ ቶሎ ክፈይ» እያሉ ይደውሉልኛል። ሁለተኛው ወረዳው ስፖንሰር እስኪያደርገኝ ወረፋ መጠበቅ ነው። ኃላፊዬ «ተማሪ፣ ግን ዲዩቲሽ እንዳይጓደል» ብሎኛል። በቃል ነው የነገረኝ።

የቱ ይሻለኛል? ዲግሪውን ስይዝስ ደሞዜ ወዲያው ይስተካከላል? ደግሞ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ደብተር መያዝ ይከብድ ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ። በተለይ ልጅ እያሳደጉ የተማሩ እናቶች ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ (ማትሮኗ)

ሲስተር፣ ብሩን ያዥው። «ቶሎ ክፈይ» የሚል ትምህርት ቤት ሲያጋጥምሽ ቀስ በይ።

መጀመሪያ የዕውቅናውን ደብዳቤ አሳዩኝ በያቸው። ዕውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የሚሰጠው ደግሞ ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም፤ በየትምህርት ዘርፉ፣ በየግቢውና በየመርሃ ግብሩ ነው። አዲስ አበባ ያለው ግቢያቸው ዲግሪ ነርሲንግ እንዲያስተምር ተፈቅዶለታል ማለት የደብረ ብርሃኑም ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ቀኑንም እዪው፣ ጊዜው የሚያልፍ ወረቀት ነው። ከዚያ ደብዳቤውን አይተሽ ብቻ አትመኚ፣ ባለሥልጣኑን ራሱን ጠይቂ።

ሌላው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር፣ የተግባር ልምምዱ (አታችመንቱ) ነው። ክፍሉ ቅዳሜና እሁድ ይሁን፤ አታችመንቱስ መቼ ነው? ዋርዱ ሥራ የሚበዛበት፣ ራውንድ (ሐኪሞች ታካሚዎቹን እየዞሩ የሚያዩት) የሚደረገው፣ ኦፕሬሽን ያለው በሥራ ቀን ነው። ብዙዎች ግማሽ መንገድ ከደረሱ በኋላ ነው «ከሰኞ እስከ ዓርብ ሆስፒታል ትገባላችሁ» የሚባሉት። ያኔ ፈቃድ ከየት ይመጣል? ደብረ ብርሃን ሐኪም ግዛው ሆስፒታል አለ፣ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉም አለ። ኮሌጁ ከየትኛው ጋር እንደተዋዋለና ስንት ሳምንት እንደሚወስድ አሁኑኑ ጠይቂ።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲንም አትርሺ። የጤና ትምህርቱ የሚሰጠው አሥራት ወልደየስ ግቢ ነው። ሬጅስትራር ሄደሽ ዘንድሮ ለዲፕሎማ ነርሶች በኤክስቴንሽን ወይም በክረምት የሚከፍቱት ነገር ካለ ጠይቂ። የመግቢያ መስፈርቱ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ከጓደኛሽ የሰማሽውን ትተሽ የዓመቱን ማስታወቂያ አንብቢ።

መልስ (ባለ ጋቢው)

እኔ ከዚያው ከቆላው በኩል እየተመላለስኩ ነው የተማርኩት። ርቀቱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ችግሩ መሃል ላይ ያለው የጣርማበር ተራራ ነው። ጠዋት ጉሙ ሲወርድ ሚኒባሱ መብራት አብርቶ እየተንፏቀቀ ነው ዋሻውን የሚያልፈው። የቅዳሜ ጠዋት ክፍል እደርሳለሁ ብለሽ ሌሊት ከቤት መውጣት አያዋጣም። ዓርብ ከሰዓት ውጪ። መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አለ፣ አትንዳንሱን እንዴት እንደሚይዙት አስቀድመሽ ጠይቂ። አንዳንዱ አስተማሪ ይረዳል፣ አንዳንዱ ግን ስም ጠርቶ ይቀጣል።

ከሌላ ነርስ ጋር ሆነሽ አንድ ክፍል ተከራዩ። ብርዱን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ትንሿን ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ መጀመሪያ ልጅ የሚይዝልሽ ሰው ፈልጊ፣ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ባለቤቴ ሁለተኛውን ዓመት እህቷ አብራት ሆና ነው የጨረሰችው።

የዲዩቲውን ነገር በቃል አትተዪው። ከእናንተ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ መግባት የማይጠላ አይጠፋም፤ አንቺ የሳምንቱን ናይት ትሸፍኚለታለሽ። ተስማሙና ፕሮግራሙ ላይ አስፍራችሁ ኃላፊው ይፈርምበት። ኃላፊ ይቀየራል፣ ፊርማ ግን ፋይል ውስጥ ይቀራል።

መልስ (ሰው ሀብት የዋለ)

የደሞዙን እኔ ልመልስ፣ ሥራዬ ስለሆነ።

ወዲያው አይስተካከልም። ዲግሪ ያዝሽ ማለት ለዲግሪ መደብ፣ ማለትም ዲግሪ ለሚጠይቅ የሥራ ቦታ፣ ትወዳደሪያለሽ ማለት ነው። በጀት የተያዘለት ክፍት መደብ መኖር አለበት። ጤና ጣቢያሽ ያለው የዲፕሎማ ነርስ መደብ ብቻ ከሆነ ወይ መደቡ እስኪከፈት ትጠብቂያለሽ፣ ወይ ወደ ሆስፒታል ትወዳደሪያለሽ። ከመመዝገብሽ በፊት ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ስንት የዲግሪ ነርስ መደብ እንዳላቸው፣ ስንቱ እንደተያዘ ጠይቂ። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

በግልሽም ብትማሪ እንድትማሪ የተፈቀደበትን ደብዳቤ ያዢ። መሥሪያ ቤቱ ሳያውቅ የተማረ ሰው በኋላ ማስረጃው እንዲያያዝለት ሲጨቃጨቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስፖንሰር ከደረሰሽ ደሞዝሽ ሳይቋረጥ ልትማሪ ትችያለሽ። ግን ውል ትፈርሚያለሽ፣ ዋስም ትጠሪያለሽ። ውሉ ላይ ሁለት ነገር ፈልጊ፦ ተምረሽ ስትመለሺ ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለብሽና ብታቋርጪ ምን ያህል እንደምትከፍይ። ዋስ የሚሆንሽም ሰው ያንብበው። ወንድምሽን ዝም ብለሽ አታስፈርሚ።

መልስ (ያልታደለው)

ስፖንሰር ጠብቂ የሚልሽን አትስሚ። እኔ ስጠብቅ ፀጉሬ ሸበተ። በየዓመቱ «ዘንድሮ ኮታው ለአዋላጅ ነው»፣ «ዘንድሮ በጀት የለም»።

መልስ (ማትሮኗ)

ወንድሜ፣ ያንተው ወረዳ ሌላ ነው፣ የሷ ሌላ። ወረፋው ላይ ስሟን ታስመዝግብና ጎን ለጎን ወረቀቷን ታዘጋጅ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

መልስ (ክሊኒካል አስተማሪ)

የትምህርቱን ነገር ማንም አልነካውም። በየዓመቱ እንዳንቺ ከሥራ የሚመጡ ነርሶችን አስተምራለሁ። አይዞሽ፣ እጃቸው ከማናችንም ይበልጣል። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቱቦ) አንድ ጊዜ ወግተው ያስገባሉ። የሚያስቸግራቸው ወረቀቱ ነው።

ምሳሌ ልስጥሽ። የሳንባ ምች የያዘው ጎልማሳ ተኝቷል። «ነርሲንግ ዲያግኖሲሱን ጻፉ» ስል አብዛኞቹ «የሳንባ ምች» ብለው ይጽፋሉ። ያ የሐኪሙ ነው። የአንቺ ይህን ይመስላል፦ «ወፍራም አክታ በመብዛቱ የአየር መተላለፊያውን ማጽዳት አቅቶታል፤ ምልክቱ ሲተነፍስ የሚሰማው ድምፅና በደቂቃ 32 የደረሰው አተነፋፈስ ነው»። ከዚያ ግብ ታስቀምጫለሽ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አተነፋፈሱ ከ24 በታች ይወርዳል ትያለሽ። ከዚያ የምታደርጊውን ትዘረዝሪያለሽ፦ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ካልተከለከለ ፈሳሽ ማብዛት፣ በጥልቀት ተንፍሶ እንዲያስል ማለማመድ። በመጨረሻ ግቡ መድረሱን ትለኪያለሽ። ይህን ሁሉ ዛሬም ጤና ጣቢያሽ ውስጥ ትሠሪዋለሽ፣ ጽፈሽው ስለማታውቂ ነው የሚከብድሽ። ከነገ ጀምሮ ለአንድ ታካሚ በቀን አንድ ጻፊ።

ሌላው ሒሳብ ነው። ድሪፕ (በደም ሥር የሚንጠባጠብ ፈሳሽ) በዓይን ማስተካከል የለመደ ሰው ፈተና ላይ ይደነግጣል። 1000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን በ8 ሰዓት ይግባ ቢልሽ፣ ሴቱ (ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ) በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚጥል ከሆነ፣ 1000ን በ20 ታባዢና ለ480 ደቂቃ ታካፍያለሽ። 41.7 ይመጣል፣ 42 ጠብታ በደቂቃ ነው። ሴቱ ስንት ጠብታ እንደሚጥል ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፣ ሁሉም 20 አይደለም።

ባዮስታትስቲክስና ሪሰርች (የጤና ስታትስቲክስና ምርምር) ደግሞ አዲስ ይሆኑብሻል። ያኔ ከጄኔሪክ ተማሪ (ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ከገባ) ጋር ጓደኛ ሁኚ። እሱ ኮምፒውተሩን ያሳይሽ፣ አንቺ ዋርዱን አሳዪው።

መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የግሉም የመንግሥቱም የዲግሪ ተማሪ ይወስደዋል፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ለጤና ባለሙያ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና ፈተና አለ፣ የሙያ ፈቃድ ለማውጣት የሚያስፈልገው እሱ ነው። ስለዚህ ኮሌጅ ስትመርጪ «ባለፈው ዙር ስንት ተማሪ አስፈትናችሁ ስንቱ አለፈ?» በያቸው። የሚያኮራ መልስ ያለው ኮሌጅ ሳትጨርሺ ይነግርሻል።

መልስ (የሸዋሮቢቷ)

እናት ስለፈለግሽ ነው የምጽፈው። እኔ ልጄ ጡት እስክትጥል አንድ ዓመት አቆየሁት፣ አልጸጸትም። በዚያ ዓመት ወረቀቴን ጨረስኩ። የተማርሽበት ኮሌጅ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትሽን (የውጤት ማስረጃሽን) አሽጎ ራሱ ነው የሚልከው፣ ዛሬ ጠይቀሽ ነገ አይደርስም። የስምሽ አጻጻፍ በ8ኛ ክፍል ካርድ፣ በ10ኛው፣ በዲፕሎማውና በሲኦሲው ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን እዪ። የአያት ስም ላይ አንዲት ፊደል ተሳስታ ፍርድ ቤት የተመላለሰች ልጅ አውቃለሁ።

ደግሞ የግድ ጠቅላላ ነርሲንግ ነው? ድንገተኛና ፅኑ ሕሙማን፣ ቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት ነርሲንግም አለ። ሆስፒታል መግባት ካሰብሽ አስቢበት።

ምላሽ (የጣርማበሯ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ማትሮን በተለይ አንቺ። ዛሬ ደውዬ የዕውቅናውን ደብዳቤ ጠየቅኋቸው። «መጥተሽ ስትመዘገቢ እናሳይሻለን» አሉኝ። እኔም ሳላየው አልመዘገብም አልኳቸው። ሰኞ ወረዳ ሄጄ መደቡን እጠይቃለሁ፣ ወረፋውም ላይ እመዘገባለሁ። አንድ የቀረችኝ፦ ስመዘገብ ኦሪጅናል ዲፕሎማዬን እናስቀር ካሉኝስ?

መልስ (ሰው ሀብት የዋለ)

አታስቀሪ። ኦሪጅናሉን አሳይተሽ ኮፒው ላይ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» ብለው ማኅተም ያድርጉበት፣ ዋናውን ይዘሽ ተመለሺ። የከፈልሽበትን ደረሰኝም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ፌስታል አጠራቅሚ።