አጥራችን ሥር ለሚቆፈረው ጉድጓድ ምን ላድርግ?

እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ፣ ግራ ገብቶኛል። ከጎናችን ባለ 5 ፎቅ አፓርታማ ሊሠራ ቁፋሮ ተጀምሯል። ጉድጓዱ ከአጥራችን አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም፤ አፈሩን የሚደግፍ ነገርም የለውም። እናቴ የምትተኛበት ክፍል ግድግዳ ተሰንጥቋል። የስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ቀን ጽፌበት ነበር፤ በ9 ቀን ውስጥ አልፎት ወርዷል።

ፈቃድ ሰጪዎቹ «ፈቃድ አላቸው» ብለው መለሱኝ። ቤት አይሠራ አላልኩም፤ ቤት የቸገረው ስንት ሰው አለ። ግን የተፈቀደው በዚህ ርቀት ነው ወይስ ከፕላኑ ወጥተው ነው? የጸደቀውን ፕላንና የአፈር ምርመራውን ጎረቤት ጠይቆ ማየት ይችላል? መጀመሪያ በመሐንዲስ ላስመርምር ወይስ የዕግድ አቤቱታ ላስገባ? ዝናብ ከጣለ ውኃው አፈሩን ከመሠረታችን ሥር ጠርጎ ይወስደዋል ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ።