ፓምፑ አየር ይስባል፣ ከየት እንደሚገባ ግን ጠፋኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቤታችን መዋኛ ገንዳ ፓምፕ ሰሞኑን አየር መሳብ ጀምሯል። ውሃው ወደ ገንዳው በሚመለስበት ቀዳዳ አረፋ ይንቦለቦላል፣ በግልጹ ክዳን ሲታይ ደግሞ የፓምፑ ቅርጫት ግማሽ ላይ ይቆማል እንጂ ጢም ብሎ አይሞላም። የፊልተሩ ጌጅም (የግፊት መለኪያው) መርፌው ይዋዥቃል። ግን አንድም ቦታ ውሃ ሲንጠባጠብ አላየሁም! ቧንቧው የተቀበረ ስለሆነ መሬቱን ላስቆፍር እንዴ?

መልስ፦
ኧረ ለመቆፈር አትቸኩል ወንድሜ። ውሃ አለማየትህ ራሱ ፍንጭ ነው። ከፓምፑ በፊት ያለው መስመር ፓምፑ ሲሠራ ይስባል፣ ስለዚህ ክፍተት ካለው አየር ያስገባል እንጂ ውሃ አያወጣም። ክፍተቱ ከፓምፑ በኋላ ቢሆን ኖሮ ውሃው ፊጭ ሲል ታየው ነበር። ብዙ ጊዜ ችግሩ የክዳኑ ጎሚኒ ነው። የፓምፑን መብራት ከማብሪያ ማጥፊያው አጥፋና ጎሚኒውን አውጣው፣ በጣትህ እጠፍ አድርገህ እየው፤ ስንጥቅጥቅ ካለ ወይም ጠፍጣፋ ከሆነ ቀይረው። ደህና ከሆነ መቀመጫውን በደንብ ጥረግ፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንኳ አየር ታስገባለች። ከዚያ የሲሊኮን ግሪስ ስስ አድርገህ ቀባው። ቫዝሊን ግን አደራ እንዳትቀባ፣ ጎሚኒውን ያበላሸዋል።

መልስ፦
ከዚህ ሁሉ በፊት የገንዳውን ውሃ ልክ እይ። ውሃው የስኪመሩን (ከገንዳው ግድግዳ ላይ የላይኛውን ውሃ የሚስበውን ክፍል) አፍ እስከ ግማሽ ካልሞላው ፓምፑ ከላይ አየር ይምጋል። የስኪመሩ መዝጊያ ተቀርቅሮ ከቀረም ያው ነው።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ውሃው ልክ ነው። ጎሚኒውንም አጽድቼ ቀባሁት፣ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

መልስ፦
እንግዲያው መጋጠሚያዎቹን ፈትሽ። ፓምፑ እየሠራ፣ ሞተሩን ሳትነካ፣ ከፓምፑ በፊት ባሉት መጋጠሚያዎች ላይ በየተራ ውሃ ቀስ እያልክ አፍስስ፤ አንድ ሰው ደግሞ ክዳኑን ይመልከት። ውሃው ክፍተቱን ሲደፍነው አረፋው ለቅጽበት ጸጥ ይላል፣ አለቀ፣ ቦታው እሱ ነው። የጺም መላጫ አረፋ ብትቀባም ይሠራል፣ ክፍተቱ ላይ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ ታየዋለህ። የቫልቮቹን እጀታ ሥርና የፓምፑን ማፍሰሻ ቡሽ አትርሳ። እኔ ግን ይበልጥ የምጠረጥረው ቧንቧው ፓምፑ ውስጥ የሚገባበትን ባለጥርስ መጋጠሚያ ነው። ፓምፑ ያለ ውሃ ደረቁን ከሠራ ሙቀቱ የፕላስቲኩን ጥርስ ያኮማትረዋል።

ጠያቂው፦
እሱ ራሱ ነው! ውሃ ሳፈስበት አረፋው ቆመ። አጥብቄ ልሰረው?

መልስ፦
አይ፣ የፓምፑን አካል ትሰነጥቀዋለህ። ከውጭ ሲሊኮን መለጠፍም ብዙ አይቆይም። ፍታው፣ ጥርሱ ተበልቶ ወይም ተኮማትሮ ከሆነ በአዲስ ቀይረው፣ የቴፍሎን ቴፕ በጥርሱ አቅጣጫ ጠምጥምና በልኩ እሰረው። ከዚህ በኋላም አረፋው ካልጠፋ የስኪመሩንና ከገንዳው ወለል የሚስበውን መስመር በየተራ እየዘጋህ እይ፤ አንዱን ስትዘጋ ከጠፋ የተቀበረው ቧንቧ የሚጠረጠረው ያኔ ነው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ በግፊት ይፈተሽ፣ ዶማው ይቆይ።