የክሬዲት ካርድ ዓመታዊ ክፍያ፦ የቱ ባንክ ይተውላችኋል፣ የቱስ እንቢ ይላል?

ሰሞኑን ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ጠየቁኝ። "የካርዴ ዓመታዊ ክፍያ መጣብኝ፤ ብደውል ይተዉልኛል?" አጭሩ መልስ "እንደ ካርዱ ነው" የሚል ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ዲሲ አካባቢ ስለሆነ የማወራው ስለዚሁ አገር ባንኮች ነው። በእጄ ካለፉት ካርዶች፣ ከቤተሰብና ከጓደኛ ካየሁት እያነጻጸርኩ ልንገራችሁ።

ከራሴ ሞኝነት ልጀምር። የመጀመሪያዋን ባለ 95 ዶላር ካርድ ያወጣሁት ለቦነሱ፣ ማለትም ለአዲስ ደንበኛ ለሚሰጠው ፖይንት (ለበረራ ትኬት የሚውል ነጥብ) ብዬ ነው። ቦነሱን አገኘሁ፣ አዲስ አበባ ደርሼ መጣሁበት፣ ከዚያ ካርዷን መሳቢያ ውስጥ ረሳኋት። ሦስት ዓመት ሙሉ 95 ዶላር ስትቆርጥብኝ ቆየች። ነገሩ ሲገባኝ ተናድጄ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በጣም ትሁት ነበረች፤ ግን "ይህን ክፍያ መተው አንችልም" አለችኝ። "እንግዲያው ዝጉት" አልኳትና ተዘጋ። ክፍያ ወደሌለው ካርድ መቀየር እንደሚቻል እኔም አልጠየቅኩ፣ እሷም አልነገረችኝ። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ካርዱ ላይ የቀረኝ ፖይንት አብሮ መጥፋቱ ነው። የባንኩን ስም ተዉት።

ስለዚህ ስትደውሉ በእጃችሁ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ክፍያውን እንዲተዉ ትጠይቃላችሁ። እንቢ ካሉ "ካርዱን ይዤ ብቆይ የምትሰጡኝ ነገር አለ?" ትላላችሁ፤ ፖይንት ወይም ከሂሳቡ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ ሊሰጡ ይችላሉ። እሱም ካልሆነ ክፍያ ወደሌለው ካርድ እንዲያወርዱላችሁ ትጠይቃላችሁ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ "ዝጉልኝ" አትበሉ። "ለመዝጋት እያሰብኩ ነው" በሉ። እንደኔ ያለ ቸኩሎ ተናጋሪ ካገኙ ወዲያው ይዘጉታል።

አሁን ወደ ባንኮቹ።

አሜሪካን ኤክስፕረስ (በአጭሩ አሜክስ) ለድርድር ክፍት ከሚባሉት አንዱ ነው። ክፍያውን እንዳለ መተው ልማዱ አይደለም፤ ማካካሻ ግን ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ፖይንት ነው፣ አንዳንዴም "በሦስት ወር ውስጥ ይህን ያህል ካወጣህ ይህን ያህል እንመልሳለን" የሚል ነው። ደግሞ ስልክ ለማይወድ ሰው በመተግበሪያው ቻት መጠየቅ ይቻላል። ማካካሻውን ከተቀበላችሁ ግን ካርዱን ቢያንስ አንድ ዓመት ያዙት፤ ቀድማችሁ ብትዘጉት የሰጡትን ሊነጥቋችሁ ይችላሉ። ምንም ካልሰጡስ? ክፍያው የታየበት ስቴትመንት (ወርሃዊ የሂሳብ መግለጫ) ከወጣ በ30 ቀን ውስጥ ከዘጋችሁት ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።

የአሜክስ ችግሩ መውረጃ ላይ ነው። ጎልድ ካርዱ በዓመት 325 ዶላር ነው። ከዚያ ወርዳችሁ የምታርፉበት ግሪን ካርድም 150 ዶላር ይጠይቃል። ዘግታችሁት ሌላ የአሜክስ ፖይንት የሚሰበስብ ካርድ ከሌላችሁ ፖይንቱ ይጠፋል። እዚህ ላይ ኡበር ለምትነዱ ወገኖቼ አንድ ነገር ልጠቁም። ብሉ ቢዝነስ ፕላስ የሚባል ካርድ አለ፤ ዓመታዊ ክፍያ የለውም፣ ያንኑ ፖይንት ይሰበስባል። ኡበር መንዳት በራሱ የግል ሥራ ስለሆነ ኩባንያ ሳታቋቁሙ ማመልከት ትችላላችሁ። በነገራችን ላይ ጎልዱ በወር የሚሰጠው 10 ዶላር የኡበር ክሬዲት ለተሳፋሪ ነው። ሹፌር ጓደኛዬ "ራሴን በራሴ ልጥራ እንዴ?" እያለ ምግብ ያዝዝበታል።

ቼዝ ሌላ ዓይነት ነው። ሳፋየር ፕሪፈርድ 95 ዶላር ነው፤ ብትጠይቁ የሚተዉላችሁ ከስንት አንዴ ነው። እኔ እዚህ ጊዜ አላባክንም። ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ፍሪደም አንሊሚትድ አውርዱልኝ ማለት ይቀላል፤ ክፍያ የለውም፣ የካርዱ ዕድሜም እንደነበረ ይቀጥላል፣ ፖይንቱም አይጠፋም። ግን ከዚያ ወዲያ ፖይንቱን ወደ አየር መንገድ የማይል ሂሳብ ማዛወር አትችሉም። ይህ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ስታር አልያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው፤ የቼዝን ፖይንት ወደ ዩናይትድ ወይም ወደ ኤሮፕላን (የኤር ካናዳ የማይል ፕሮግራም) ልካችሁ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ አበባ መግባት ትችላላችሁ። ካርዱ ከወረደ በኋላ ያ በር ይዘጋል። ስለዚህ ፖይንታችሁን መጀመሪያ ተጠቀሙበት፣ ከዚያ አውርዱት።

ካፒታል ዋንም በልመና አይነቃነቅም። መውረጃው ግን ከሁሉም ያማረ ነው። ባለ 95 ዶላሩ ቬንቸር ወደ ቬንቸርዋን ቢወርድ ክፍያው ይቀራል፣ ማይሉን (የካፒታል ዋን ፖይንት ስም ነው) ወደ ኤሮፕላን ወይም ወደ ኮሎምቢያው አየር መንገድ አቪያንካ የማዛወር መብታችሁ ግን እንዳለ ነው። የምታጡት የመሰብሰቢያውን ፍጥነት ነው፤ በዶላር 2 ማይል የነበረው 1.25 ይሆናል። አዲስ አበባ በየሦስት ዓመቱ ለሚሄድ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ሲቲ መሃል ላይ ነው። ሲቀናችሁ "ይህን ያህል አውጣ፣ ክፍያውን እንመልስልሃለን" ይላሉ፤ ካልቀናችሁ ደብል ካሽ ወደሚባለው ነጻ ካርድ ለመውረድ ጠይቁ።

ክፍያው በእርግጥም የሚቀርላቸው ሰዎች ወታደሮች ናቸው። በአሜሪካ ጦር ንቁ አገልግሎት ላይ ላለ ሰው አሜክስና ቼዝ በግል ካርዶቻቸው ላይ ዓመታዊ ክፍያ አያስከፍሉም፤ የትዳር ጓደኛም ይጠቀማል። 895 ዶላር የገባውን የአሜክስ ፕላቲነም እንኳ! ጦር ሠራዊት የገባ ልጅ ወይም እህት ያላችሁ ንገሯቸው። ሳያውቁት የሚከፍሉ አሉ።

ወላጆቻችን ጋ ያለው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። አክስቴን "ደውዪና ጠይቂ" ስላት "እኔ ባንክ አልለምንም" አለችኝ።

"ማን ለምኚ አለሽ? ጠይቂ ነው ያልኩሽ።"

"አንተ ደውልልኝ ታዲያ።"

ደወልኩ። እኔን አናናግርም አሉ፤ የካርዱ ባለቤት ራሷ ማንነቷን አረጋግጣ መፍቀድ አለባት። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስሟን፣ የትውልድ ቀኗን ተናገረች፣ "ከወንድሜ ልጅ ጋር ተነጋገሩ" ብላ ፈቀደች። ከመደወሌ በፊት የዓመቱን ወጪዋን አይቼ ስለነበር "በዚህ ካርድ ይህን ያህል ገዝታለች፣ አንድም ቀን አዘግይታ አታውቅም" አልኩ። አሥር ደቂቃ አቆይተውን 50 ዶላር ቀነሱላት። ሙሉውን ባይሆንም አክስቴ ያን ቀን ለሰፈሩ ሁሉ ስትደውል ዋለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ካርድ ይዤ ስልክ ላይ ነኝ።

አንዳንዴ ደግሞ መክፈሉ ያዋጣል። የአሜክስ ብሉ ካሽ ፕሪፈርድ የመጀመሪያው ዓመት ነጻ ነው፣ ከዚያ 95 ዶላር። በሱፐርማርኬት በዓመት እስከ 6,000 ዶላር ድረስ 6 ከመቶ ይመልሳል። ነጻ ወንድሙ ብሉ ካሽ ኤቭሪዴይ 3 ከመቶ ነው። ልዩነቱ 3 ከመቶ ስለሆነ 95 ዶላሩን ለመመለስ በዓመት 3,167 ዶላር አስቤዛ መግዛት አለባችሁ፤ በሳምንት 61 ዶላር ገደማ። ልጆች ያሉት ቤት ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። ግን ዋልማርትና ታርጌት እንደ ሱፐርማርኬት አይቆጠሩም፣ ኮስትኮ ደግሞ ጭራሽ አሜክስ አይቀበልም። የሐበሻ ሱቅም እንደ ተመዘገበበት ዓይነት ይለያያል። አንዴ በርበሬ ገዝታችሁ ስንት ከመቶ እንደመለሰ መተግበሪያው ላይ እዩት።

ስልክ ጨርሶ የማትወዱ ከሆነ ከመጀመሪያውም ክፍያ የሌለው ካርድ ያዙ። የሲቲ ደብል ካሽና የዌልስ ፋርጎ አክቲቭ ካሽ ሁለቱም 2 ከመቶ ይመልሳሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን አታውጧቸው፤ ለውጭ አገር ግዢ 3 ከመቶ ይቆርጣሉ። ለዚያ የካፒታል ዋን ኩዊክሲልቨር ይሻላል፤ 1.5 ከመቶ ይመልሳል፣ የውጭ አገር ቆረጣ የለበትም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሆቴል በካርድ መክፈል እንደ ድሮው ኪሳራ አይደለም።

ስለ ክሬዲት ስኮር (የብድር አከፋፈል ታሪካችሁን የሚመዝነው ቁጥር) የምትጨነቁ፦ ካርድ ማውረድ አይነካውም። መዝጋት ግን የመበደሪያ ጣሪያችሁን ስለሚቀንስ ሊያወርደው ይችላል፤ ሌላ ካርድ ላይ ብዙ ዕዳ ካለባችሁ ይብሳል።

የኔ የሚቀጥለው ክፍያ መጋቢት ላይ ነው። ቬንቸሩን ወደ ቬንቸርዋን አወርደዋለሁ። ለጎልዱ ቻት ላይ እጠይቃለሁ፤ ጥሩ ነገር ካልሰጡኝ በ30 ቀኑ ውስጥ ደህና ሁን እለዋለሁ። ፖይንቱን ግን አስቀድሜ ወደ ኤሮፕላን እልካለሁ፤ ሁለተኛ አልሸወድም።